ለደጎሎ የሚሆን ሳይክል ሜዳ ላይ አይመረጥም

ያገለገለ ማውንቴን ሳይክል የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ያያል፤ ስንት ማርሽ እንዳለው፣ ፊትና ኋላው ሞላ እንዳለው፣ ቀለሙ እንዳልተላጠ። ከዚያ ሜዳ ላይ ሁለት ዙር ይነዳውና ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አድርጎ ወደ ዋጋ ክርክር ይገባል። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ላይ እንዲህ መግዛት ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ የከተሞቹ መሬት ሜዳ ነውና። በደቡብ ወሎ፣ ደጎሎ ላይ፣ ወይም ወደ ሰሜን ምዕራብ ርቆ መካነ ሰላም ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የጃማ፣ የከለላ፣ የወግዲና የቦረና ወረዳዎች ደጋ ከላይ ሲያዩት ተንጣሎ የተኛ ነው፤ አፋፉ ላይ ሲደርሱ ግን መሬቱ ወደ ጃማ ወንዝና ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ የአገሩ ሰው ሳይክል ሲገዛ የሚገዛው መውረጃ ጭምር ነው። እኔ የምለው ይህ ነው፤ በእንዲህ ያለ አገር ያገለገለ ሳይክል መመረጥ ያለበት በማቆም ብቃቱና ቁልቁለትን በመሸከም አቅሙ ነው፤ ፈተናውም ቁልቁለት ላይ ካልተደረገ ፈተና አይባልም።

የሜዳ ሙከራ ለምን እንደሚያታልል በሒሳብ ማየት ይቻላል። ሻጩ ግቢ ውስጥ ሳይክሉን በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ፍሬን ሲይዝ በ4 ሜትር ውስጥ ቆመ እንበል። ለዓይን ደህና ፍሬን ነው፤ ገዢውም ራሱን ነቅንቆ ያልፈዋል። በዚያ ፍጥነት ለመቆም 4 ሜትር የፈጀ ፍሬን ግን የሚሰጠው ኃይል የነጂውና የሳይክሉ ክብደት አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። መንገዱ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር የሚወርድ ሲሆን ደግሞ ሳይክሉን ቁልቁል የሚጎትተው ኃይል እንዲሁ የክብደቱ አንድ አሥረኛ ነው። ሁለቱ እኩል ናቸውና አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። የነፋሱንና የመሬቱን ጥቂት መያዝ ካልቆጠርን፣ ነጂው ፍሬኑን ጨብጦ እንኳ ሳይክሉ በያዘው ፍጥነት መውረዱን ይቀጥላል። ከዚህ እጥፍ የበረታ ፍሬን ይሁን ብንል፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሜዳ ላይ በ18 ሜትር ገደማ የሚያቆመው ያው ፍሬን በዚያ ቁልቁለት ላይ 35 ሜትር ይፈልጋል። ሜዳ ላይ «ትንሽ ደከም ይላል» የተባለ ፍሬን ቁልቁለት ላይ ጭራሽ እንደሌለ ይቆጠራል ማለት ነው። በዋጋ ክርክር ሰዓት ሻጩ «ፍሬኑን ትንሽ ታስጠብቀዋለህ» ብሎ የሚያልፋት ነገር ሕይወት ያለባት ነገር ናት።

ጉዳዩ የአንድ ጊዜ ማቆም ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር። ረጅም ቁልቁለት ፍሬንን በሙቀት ይፈትናል። ነጂው፣ ሳይክሉና የያዘው ዕቃ አንድ ላይ 90 ኪሎ ቢመዝኑና 1,000 ሜትር ከፍታ ቢወርዱ፣ በመንገድ ላይ የሚለቀቀው ጉልበት 880 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። ይህ ከ2 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። በኮረት መንገድ ላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ ሰው ነፋስ ብዙም ስለማያግዘው ከዚህ ሙቀት አብዛኛው የሚያርፈው በፍሬኑ ላይ ነው፤ ሸራው ላይ፣ ቸርኬው ላይ ወይም ዲስኩ ላይ። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከዚያ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ጉንደወይን የሚያመራው መንገድ ወንዙ ድረስ የሚወርደው ከፍታ ከዚህ ምሳሌ አያንስም። ዓባይ በረሃን በጎሐ ጽዮንና በደጀን በኩል የሚያውቅ የከባድ መኪና ሾፌር ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ማርሽ ቀንሶ መኪናውን በሞተሩ ይይዛል እንጂ ፍሬኑ ላይ ብቻ ተኝቶ አይወርድም። ሳይክል ግን ሞተር የለውም፤ ማርሹ ቢቀነስ ቢጨመር ቁልቁለት ላይ የሚይዘው ነገር የለም። ገበያ ላይ «ባለ 21፣ ባለ 24 ማርሽ» እየተባለ ዋጋ የሚጨመርበት ነገር ለዳገት ነው የሚያገለግለው። ዳገት ያቃተው ሰው ወርዶ ይገፋል። ፍሬን የከዳው ሰው ግን ወርዶ የሚገፋበት ዕድል አያገኝም።

ይህ ትምህርት ከስፖርቱ አነሳስም ይታያል። ማውንቴን ሳይክል የሚባለው ነገር ከመወለዱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ ማሪን በሚባለው አካባቢ የነበሩ ወጣቶች ተራራ የሚወርዱት በአሮጌ ሳይክሎች ነበር። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የተሠሩ፣ ሰው የጣላቸው ከባድ የሽዊን ሳይክሎችን እየፈለጉ ያነሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1976 ፌርፋክስ አጠገብ ያደረጉት የቁልቁለት ውድድር መንገድ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል የማይሞላ ሲሆን 400 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ፔዳል ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚሠራው የኋላ ፍሬናቸው እስከ ግርጌው ሲደርስ ግሪሱ በሙቀት ተቃጥሎ ይጨስ ስለነበር፣ ፍሬኑን ፈትተው አዲስ ግሪስ ካልሞሉት በስተቀር ደግመው መውረድ አይችሉም ነበር። መንገዱም ሪፓክ የሚለውን ስሙን ያገኘው ከዚሁ ግሪስ እንደገና ከመሙላት ነው። እነዚህ ሰዎች በገንዘባቸው ምን እንዳደረጉ ልብ እንበል። አጽሙ የጠነከረ አሮጌ ሳይክል በርካሽ ያዙ፤ ከዚያ የተሻለ ፍሬንና የሞተር ሳይክል የፍሬን እጀታ ገጠሙለት። ያገለገለ መግዛት አላሳፈራቸውም። ያሳሰባቸው አጽሙና ፍሬኑ ነበር፤ ለእኛም መነሻ የሚሆነን ይኸው ቅደም ተከተል ነው።

ታዲያ የትኛው ፍሬን? እዚህ ላይ የአገሩ አፈር ራሱ ፍርድ ይሰጣል። የጃማ ደጋ ዋልካ ነው፤ ዝናብ ሲይዘው የሚጣበቅ ጥቁር አፈር። ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ በጎማ ሸራ የሚጨብጠው የተለመደው ፍሬን ሥራው ከጭቃው አጠገብ ነው። ክረምት ላይ ዋልካው በጎማውና በሹካው መካከል ይጠቀጠቃል፤ ሸራው የሚጨብጠው ቸርኬውን መሆኑ ቀርቶ ጭቃውን ይሆናል። ርጥበት የመያዝ ኃይሉን ይቀንሰዋል፤ በጭቃው ውስጥ ያለው አሸዋ ደግሞ የቸርኬውን ግድግዳ ቀስ በቀስ ይበላዋል። በበጋም ቢሆን በረጅም ቁልቁለት ላይ ቸርኬው ሲግል ሙቀቱ ወደ ከመነዳሪው ተሻግሮ ሊያፈነዳው ይችላል። ዲስክ ፍሬን ግን ከመሬት ከፍ ብሎ በሞዞው ዙሪያ ስለሚሠራ ጭቃው ቶሎ አይደርስበትም፤ ሙቀቱም ከጎማው የራቀ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ማጣሪያ ይህ ይሁን፤ ፊትም ኋላም ዲስክ ፍሬን፣ ወይም ቢያንስ አጽሙና ሹካው ላይ የዲስክ ፍሬን መግጠሚያ የሌለው ሳይክል ለዚህ አገር ቁልቁለት አይገዛ። ሸራና ካቦ በኋላ ይቀየራል፤ ዲስኩም ይቀየራል። መግጠሚያው ከፋብሪካ ካልተሠራ ግን በኋላ በብየዳ የሚጨመር ነገር አይደለም።

ከዲስክ ፍሬኖች መካከል የሰለጠነው ዓለም የቁልቁለት ተወዳዳሪዎች የሚጠቀሙት በዘይት የሚሠራውን ነው። ለእኛ ግን ያገለገለ ሲገዛ በካቦ የሚሳበውን አስቀድማለሁ። ይህን የሚቃወም ሰው ጥሩ መከራከሪያ አለው፤ በዘይት የሚሠራው ይበረታል፣ ጣትም አያደክምም፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ የእጅ ድካም ራሱ አደጋ ነው። እውነት ነው። ችግሩ ያለው ጥገናው ላይ ነው። የሺማኖ ኩባንያ ፍሬኖች የሚሠሩት በማዕድን ዘይት ነው፤ ብዙዎቹ የስራም ኩባንያ ፍሬኖች ደግሞ ዶት በሚባለው የፍሬን ፈሳሽ። በየከተማው በቀላሉ የሚገኘው የመኪና ፍሬን ዘይት ዶት ነው። በቅን ልቦና የሚሠራ አንድ መካኒክ የመኪናውን ዘይት ሺማኖው ውስጥ ቢጨምር የውስጥ ጎሚኒዎቹ ያብጣሉ፣ ይበላሻሉ፤ ፍሬኑም ነጂው በማያውቀው ቀን ይከዳል። ያገለገለ ሳይክል ላይ ደግሞ ከዚህ በፊት ማን ምን እንደጨመረበት በዓይን አይለይም። በካቦ የሚሠራው ሕመሙ ግልጽ ነው፤ ካቦው ሲላላ ይታያል፣ ሲቀነጠስ ይቆጠራል፣ ጎሚስታ ቤት ውስጥ በመፍቻ ይጠብቃል። ደሴ ወይም አዲስ አበባ ላይ የሚያምነው ባለሙያና ትክክለኛው ዘይት ያለው ሰው የዘይቱን ቢመርጥ አልከራከረውም። ደጎሎ ተቀምጦ የሚነዳ ሰው ግን በሚችለው መጠን ራሱ ሊጠግነው የሚችለውን ይያዝ።

ሁለተኛው ትልቅ ስሕተት በሞላ መማረክ ነው። ፊትም ኋላም ሞላ ያለው ሳይክል ለቁልቁለት የተሠራ ይመስላል፤ በፊልም የሚታዩት የቁልቁለት ሳይክሎችም እንዲሁ ናቸውና። የእውነተኞቹ ሹካ 200 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰምጣል፤ አሞርዛተራቸው በተወሰነ የመንዳት ሰዓት እየተፈታ ዘይቱና ጎሚኒው ይቀየራል፤ የኋላውን ክፍል የሚያገናኙት ኩሽኔታዎችም እንዲሁ። ይህ አገልግሎት ካልተሰጠው ሞላው ይደርቃል፣ ኩሽኔታው ይላላል፣ የኋላው ጎማ ነጂው ሳያዘው ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። በየገበያው በርካሽ የሚገኘው ባለ ሁለት ሞላ ደግሞ ከመልኩ በቀር ከእነዚህ ጋር ዝምድና የለውም፤ ክብደት ይጨምራል፣ የሚላላ መገጣጠሚያ ይጨምራል፣ ፍሬኑ ግን ያው ደካማው ነው። ኋላው ሞላ የሌለው፣ ፊቱ ጤነኛ ሹካ ያለው ሳይክል ይበልጣል። ሹካው ጤነኛ መሆኑ የሚታወቀው የሚንሸራተቱት ቱቦዎች ሳይጫሩና ዘይት ሳያንጠባጥቡ ሲገኙ ነው። የፊት ፍሬኑን ጨብጦ ሳይክሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲያወዛውዙት መሪው ሥር ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ ወይም ሹካው ላልቷል። በጥቂት ጥገና የሚድን ከሆነ ከዋጋው ይቀነስ፤ ሹካው ራሱ ከሆነ ይተው።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ግን አጽሙ ነው። ፍሬን ሲያቆም ኃይሉን የሚሸከመው እሱ ነውና፤ የፊት ፍሬን በተጨበጠ ቁጥር ከመሪው ሥር ያለው መገናኛ ይታመማል። ታጥቦ ይታይ። ጭቃና ግሪስ ስንጥቅን ይሸፍናሉ፤ አዲስ የተቀባ ቀለም ደግሞ ከሁለቱም የባሰ ይሸፍናል። የሚታየው ቦታ የመሪው ቱቦ ከታችኛው ቱቦ ጋር የተበየደበት፣ ፔዳሉ የሚዞርበት መገናኛ፣ የኋላ ጎማው የሚታሰርበት፣ እንዲሁም የመቀመጫው ቱቦ አፍ ነው። በብየዳው ጠርዝ ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር፣ የተነሳ ቀለም ወይም ከታችኛው ቱቦ ላይ ሽብሽብ ካለ፣ በተለይ አጽሙ አሉሚኒየም ከሆነ፣ ምንም ቢረክስ መገዛት የለበትም። ብረት ከሆነ ጎብጦ ያስጠነቅቃል፤ ጥሩ በያጅም ሊያድነው ይችላል። አሉሚኒየም ግን ብዙ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል። ማውንቴን ሳይክል በብዛት የሚሠራበት የአሉሚኒየም ዓይነት ጥንካሬውን የሚያገኘው በፋብሪካ በሚሰጠው የሙቀት ሕክምና ነው፤ በኋላ በአርጎን ሲበየድ የተበየደው አካባቢ ያን ጥንካሬ ያጣል፣ የሙቀት ሕክምናውን የሚደግምለት ጋራዥም አይገኝም። «ተበይዷል፣ አሁን ከድሮው ይጠነክራል» የሚለው የሻጭ ቃል ለብረት ሊሆን ይችላል፤ ለአሉሚኒየም ስሕተት ነው። ካርቦን ደግሞ የውስጡ ጉዳት ከውጭ ስለማይታይ ከማያውቁት ሰው እጅ ባይገዛ ይመረጣል።

ስለ ጎማው ብዙ አልልም። ዓለም ወደ 27 ተኩልና ወደ 29 ኢንች ሲዞር 26 ኢንች ሳይክሎች ዋጋቸው ወረደ፤ ለእኛ ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ ጎማና ከመነዳሪያቸው በአገራችን ገበያ ከሌሎቹ በቀለለ ይገኛልና። ጎማውን አንሥቶ ማሽከርከር፣ ቸርኬው እየተጣመመ የሚሄድ መሆኑን ማየት፣ ራጂዎቹን አንድ በአንድ በጣት መንካት ይበቃል። ዲስኩም በጣት ይዳሰስ፤ የሺማኖ ዲስክ አዲሱ 1.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን 1.5 ሲደርስ መጣል አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። «ድሃ ምርጫ የለውም፤ የተገኘውን ይገዛል» ይባላል። ይህን በቀላሉ ማለፍ አይገባም፤ በዚህ አካባቢ ሳይክል ለብዙ ቤተሰብ ቅንጦት ሳይሆን ትልቅ ወጪ ነው። ነገር ግን የምለው ውድ ሳይክል ይገዛ አይደለም። ለማርሽ ብዛት፣ ለኋላ ሞላና ለቀለም የሚከፈለው ገንዘብ ወደ ፍሬንና ወደ አጽም ይዙር ነው። የቆሸሸ፣ ቀለሙ የተላጠ፣ ባለ ጥቂት ማርሽ፣ ግን አጽሙ ሙሉና የዲስክ መግጠሚያ ያለው ሳይክል ከሚያብረቀርቀው ይረክሳል፤ በተረፈው ገንዘብ አዲስ ሸራ፣ አዲስ ካቦና የራስ ቁር ይገዛል። ዋጋም ሲሰላ ሻጩ የጠራው ብቻ መሆን የለበትም፤ ሳይክሉ የመጀመሪያውን ቁልቁለት ከመውረዱ በፊት የሚያስፈልገው ጥገና ሁሉ ተደምሮ ነው ዋጋው። «እንግዲያው አዲስ ይገዛ» ለሚሉም መልሱ ቅርብ ነው። ሳይክሎች ለምን ዓይነት መንገድ እንደተሠሩ የሚለዩበት ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ በማውንቴን ሳይክል መልክ የሚሸጡ ብዙ ርካሽ አዲስ ሳይክሎች ከጥርጊያ መንገድ ውጭ ለመንዳት እንዳልተሠሩ መመሪያቸው ራሱ ይናገራል። በቅጡ ተሠርቶ በቅጡ የተያዘ ያገለገለ ሳይክል ከእንዲህ ያለው አዲስ ይሻላል።

«ማንም ወደ ሸለቆው በሳይክል አይወርድም፤ ሰው ደጋው ላይ ነው የሚነዳው» የሚል ደግሞ አለ። ሸለቆውን ሙሉ የሚወርደው ጥቂት ነው ቢባል እንኳ፣ ደጋው ራሱ በጅረቶች የተቆራረጠ ነው፤ ወደ ገበያና ወደ ትምህርት ቤት የሚወስዱ መንገዶች በየመካከሉ ወደ ወንዝ ወርደው ይወጣሉ። ከላይ ያየነው የማቆም ሒሳብ 1,000 ሜትር መውረድ አያስፈልገውም፤ ግርጌው ላይ ከብት፣ ሕፃን ወይም ድልድይ ያለበት የ200 ሜትር ቁልቁለት ይበቃዋል። ከዚህ በላይ ደግሞ ወጣቶች ቁልቁለት ይወዳሉ። ይህ የሚከለከል ነገር አይደለም፤ አገሩ ለዚህ ስፖርት የተሰጠ ነው ብዬም አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ1956 ኢትዮጵያ በሜልበርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ ስትቀርብ ብስክሌተኞቿን እነ ገረመው ደንቦባን ይዛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ገብረማርያም ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። የአስፋልት ብስክሌት ታሪካችን ይህን ያህል ዕድሜ ካለው፣ የቦረናና የጃማ አፋፍ የቁልቁለት ነጂዎችን የማያፈራበት ምክንያት የለም። የሚነዱበት ሳይክል ግን የሚቆም መሆን አለበት።

የወረዳ የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤቶችና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች እዚህ ላይ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ አላቸው። ለጎሚስቶችና ለሳይክል ጠጋኞች የዲስክ ፍሬን ጥገና፣ የሁለቱ ዘይቶች ልዩነትና የአሉሚኒየም ስንጥቅ አለያየት የጥቂት ቀን ሥልጠና ይበቃል። ለገዢውና ለወላጅ ደግሞ የምለው ይህ ነው። በመጀመሪያ ሳይክሉን ረጋ ባለ ቁልቁለት ላይ፣ መኪና በሌለበት፣ በእግር እየገፋችሁ አውርዱት፤ የፊቱንና የኋላውን ፍሬን ለየብቻ ያዙ፤ እጀታው መሪውን ሳይነካ ጎማው መቆም አለበት። ከዚያ ተቀምጣችሁ በዝግታ፣ ከዚያ ትንሽ ፈጠን ብላችሁ ድገሙት። ከፔዳሉ መገናኛ ሥር የተቀረጸውን ቁጥር በሽያጭ ውሉ ላይ አስጽፉ። ሻጩ በሜዳ እንጂ በቁልቁለት አላስሞክርም ካለ፣ ዋጋውን በግማሽ ቢቀንስ እንኳ ያን ሳይክል አትግዙ።